ምስክሩ ማን ነው? የመምህር ዲግሪ ከአንኮበር ጉባኤ እስከ አስተዳደር ፍርድ ቤት

አንኮበር የሸዋ መናገሻ በነበረችበት ዘመን መምህር ለመሆን ዲግሪ የሚጠይቅ አልነበረም። ይህ ማለት ግን ማንም እየተነሣ ጉባኤ ይዘረጋ ነበር ማለት አይደለም። ከሸዋ የተነሣ የዜማ ተማሪ የድጓ መምህር ለመባል በወጉ ጋይንት፣ ቤተልሔም ድረስ ተጉዞ ማስመስከር ነበረበት። የዝማሬና መዋሥዕት ምስክር ደግሞ ዙር አባ ነው። ተማሪው ሲመለስ የሚጠየቀው «ከማን ተማርክ? የት አስመሰከርክ?» ተብሎ ነው። ያልበሰለውን መርቆ የላከ መምህር የራሱንም ስም ያስነቅፋል። ተጠያቂነቱ ከተመራቂው ጋር መራቂውንም ይይዝ ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ምስክርነቱ ከሰው ወደ ማኅተም ተሻገረ። ለረጅም ጊዜ የሚያሠለጥነውም፣ የሚያስመርቀውም፣ የሚቀጥረውም መንግሥት ስለነበር ማኅተሙ ብዙ አላጠራጠረም። ነገሩ የተወሳሰበው ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የግል ኮሌጆች ሲበዙ ነው። አዋጅ ቁጥር 351/1995 ዕውቅና ሰጪና ተቆጣጣሪ ኤጀንሲ አቋቋመ። ዕውቅናው ግን በኮሌጁ ስም ብቻ የሚሰጥ አይደለም። ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስ፣ ለመደበኛውና ለርቀቱ ለየብቻው ነው። ስለዚህ ሕጋዊ ኮሌጅ ሕጋዊ ያልሆነ ዲግሪ ሊሰጥ ይችላል።

በዚያው ዘመን የመምህሩ ደመወዝና እድገት ከትምህርት ደረጃው ጋር ተቆራኝቷል። በገጠር ወረዳ የሚያስተምር መምህር ሥራውን ሳይለቅ ደረጃውን ለማሻሻል ያለው አማራጭ ክረምት፣ ማታ ወይም ርቀት ነው። ነሐሴ 2002 መንግሥት የግል ተቋማት በመምህርነትና በሕግ እንዳያሠለጥኑ ከለከለ። የርቀት ትምህርትንም አግዶ ኋላ ላይ አላላው። ተቋማቱን የሚመለከት ውሳኔ ነበር፤ ጭንቀቱ ግን ክፍያ ከፍሎ ሲማር ለነበረውም ተረፈ።

ዛሬ ማስረጃ ሲጣራ ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ከረጢት ይገባሉ። አንደኛው ፎርጅድ ነው፤ ያልተማረ ሰው የገዛው ወረቀት። ሁለተኛው በእርግጥ ተምሮ፣ ነገር ግን ዕውቅና በሌለው መስክ ወይም ካምፓስ የተገኘ ዲግሪ ነው። ሦስተኛው ተቋሙ ዕውቅና እያለው የመግቢያ መስፈርት ሳያሟሉ የተቀበላቸው ናቸው፤ ለምሳሌ የብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ሳያልፉ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ የገቡ።

የመጀመሪያው የወንጀል ሕግ ጉዳይ ነው፤ ርኅራኄ አያሻውም። ሁለቱ ግን ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴና ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ሲደርሱ መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፦ ይህን ማወቅ የነበረበት ማን ነው? የዕውቅና መዝገቡ የነበረው በተቆጣጣሪው እጅ ነው። ማስረጃውን አይቶ የቀጠረው፣ ደረጃ ያሳደገውና ለዓመታት የከፈለው መሥሪያ ቤቱ ነው። መምህሩን ብቻ መቅጣት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው።

የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ተመሳሳይ ነገር ገጥሞት ነበር። አንዳንድ ተቋማት ያለ በቂ ፈቃድ በርቀት የምሕንድስና ዲግሪ ሰጥተዋል። ፍርድ ቤቱ ሁሉንም በአንድ ሚዛን አልመዘነም። ተቆጣጣሪዎች ዘግይተውም ቢሆን ፈቃድ የሰጧቸውን ከ2001 እስከ 2005 የገቡ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን አግዶ፣ ፈተና እንዲወስዱ ሁለት ዕድል ሰጠ። ከዚያ በኋላ የገቡትን ዲግሪ ሰረዘ፤ ተቋማቱ የተቀበሉትን ክፍያ እንዲመልሱም አዘዘ። ፈቃዱን የሰጡት ባለሥልጣናት እንዲመረመሩም ወሰነ።

«ታዲያ ተማሪው በማይገባ መምህር ይማር?» የሚል ክርክር ይነሣል። ትክክለኛ ክርክር ነው። የአንኮበር ገበሬ ልጁን የሚልከው እንዲማርለት ነው። ለዚህ ግን መልሱ ምዘና ነው። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና ለሚሰጥ አገር፣ በቅን ልቡና የተማረን መምህር ፈትኖ ማጽናት ወይም ጊዜ ሰጥቶ ደረጃውን እንዲያሟላ ማድረግ የሚከብድ አይደለም። የወደቀው ይውረድ። ያለ ዕውቅና ያስተማረው ኮሌጅ ግን ገንዘቡን ይመልስ፤ እያየ ያለፈው ተቆጣጣሪም ይጠየቅ።

ቀደምቶቹ ሊቃውንት ማኅተም አልነበራቸውም። መራቂው ለመረቀው ይጠየቅ የሚለው ሥርዓት ግን ነበራቸው።