ከአሞሌ እስከ ብር፤ ገንዘብና አደራ በታሪካችን

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላል አንዱ ተረታችን። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ይላል ሌላው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚመለከት ሰው፣ አበው ለገንዘብ እንጂ ለሰው ቃል ዋጋ አልሰጡም ብሎ ሊደመድም ይችላል። ይሁን እንጂ እነዚህን ተረቶች ሲተርት የኖረው ሕዝብ ያለ ማኅተም ዕቁብ ሲጥል፣ ከብቱን ለጎረቤቱ በአደራ ሲሰጥ፣ ለወዳጁ ዕዳ ዋስ ሲገባ የኖረ ሕዝብ ነው። እንግዲህ በዘመናዊ ኑሮ የሚበልጠው ገንዘብ ነው ወይስ ሥነ ምግባር የሚለው የዘወትር ክርክር፣ ከስብከት ወጥቶ በታሪክ ሚዛን ላይ ቢቀመጥ ወዴት ያመዝናል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ገንዘባችን የተጓዘበትን መንገድ ባጭሩ በመከተል ለዚህ ጥያቄ መልስ መሻት ነው።

የአክሱም መንግሥት ከሦስተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አካባቢ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ የራሱን ገንዘብ ያስቀርጽ ነበር። ከነሐሶቹ በአንዳንዶቹ ላይ «ይህ ሀገርን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል በግሪክኛ ተጽፎ ይገኛል፤ በመጨረሻ ከነገሡት አንዱ የሆነው የአርማህ ነሐስ ደግሞ በግዕዝ ለሕዝብ ደስታን ይመኛል። ወርቅ ተመዝኖ ዋጋውን ራሱ ይናገራል፤ ርካሹ ነሐስ ግን የሚቆመው ተቀባዩ አስቀራጩን ሲያምን ነው። በትንሹ ገንዘብ ላይ ትልቅ ቃል መስፈሩ ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስላል። ሆኖም ቃልና ተግባር ሁልጊዜ አብረው አልተጓዙም፤ የወርቁ ጥራት ከዘመን ወደ ዘመን ዝቅ እያለ ሄዶ፣ በሰባተኛው ምዕተ ዓመት ገደማ ገንዘብ መቅረጹ ራሱ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ምዕተ ዓመታት ከዋነኞቹ መገበያያዎች አንዱ አሞሌ ጨው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በሀገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው ከተቆፈረበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው እንደሚጨምር ጽፏል። ከአፋር በረሃ ተፈልፍሎ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ደጋውን የሚወጣው አሞሌ፣ የቆፋሪውንና የነጋዴውን ድካም በላዩ ተሸክሞ ይዞር ነበር ማለት ነው። እንዳይሰበር በልጥ ይታሰራል፤ ከተሸረፈ ዋጋው ይጎድላል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይወረውሩሃል» የሚለው ተረት ይህን ያህል ዘመን መኖሩ፣ ቁም ነገሩ ከወጥ ጣዕም ያለፈ ስለ ሆነ ነው። ሰውም ሆነ ገንዘብ፣ በውስጡ አለ የተባለው ካልተገኘ ቅርጹ ብቻ አያስከብረውም።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ገበያውን የተቆጣጠረው የኦስትሪያዋ ገዥ የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር ነው። እመቤቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ካረፈች በኋላም ገንዘቡ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ይቀረጽ ነበር። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ከሺህ 833 እጁም ጥሩ ብር ነው። ቪየናን በካርታ እንኳ አይቶ የማያውቀው ገበሬ፣ በምስሉ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ ፈርጥ አገላብጦ ካልመረመረ አይቀበልም። ዳግማዊ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበትን የራሳቸውን ብር በተቀራራቢ ክብደት ቢያስቀርጹም፣ ጠገራውን ከገበያ ማስወጣት አልተቻለም። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ ያወጣው የወረቀት ገንዘብም ከጥቂት ከተሞች አልፎ በቀላሉ አልተስፋፋም። የፋሺስት ኢጣልያ መንግሥት እንኳ ሊሬን ለማስለመድ እየሞከረ፣ በሌላ በኩል ጠገራ ብርን በሮማ አስቀርጾ ለማምጣት ተገዷል። አዋጅ ገንዘብን በአንድ ቀን ሊወልድ ይችላል፤ እምነትን ግን አይወልድም።

እዚህ ላይ፣ «ሕዝቡ ያመነው ብሩን እንጂ ሰውን አይደለም፤ ስለዚህ ይህ የሥነ ምግባር ሳይሆን የማዕድን ታሪክ ነው» የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ተቃውሞው እጅ በእጅ ለሚደረግ ግብይት እውነትነት አለው። ዱቤና ብድር ሲመጣ ግን ማዕድኑ ብቻውን አይበቃም። የነገውን ክፍያ የሚሸከመው የሰው ቃል ነውና፣ ቃሉን የሚደግፍ ዋስ ይጠራል። ዋስ ከታጣስ? ባለዕዳው ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ይቆራኝ ነበር። ዛሬ «የአልጋ ቁራኛ» ስንል የምናስታውሰው ያንን ሥርዓት ነው። ጭካኔው በድሃው ላይ የበረታ ከመሆኑም በላይ፣ አራጣ አበዳሪው ጉልበተኛ ሲሆን ፍርድ ወደ እርሱ ማዘንበሉ የታወቀ ነው። ስለዚህ ያለፈው ዘመን ሁሉ የመተማመን ዘመን ነበር ማለት ራስን ማታለል ይሆናል። ነገር ግን የሰንሰለቱን ሌላኛውን ጫፍም እናስተውል፤ ባለዕዳውን ያሰረው አበዳሪ ራሱም ታስሯል። መተማመን በጠፋበት ስፍራ ገንዘብ ያለውም ነፃ አልነበረም።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይህን ጉዳይ ከሥሩ ለመመርመር ከሞከሩት ቀደምት ጸሐፊዎቻችን አንዱ ነው። ካረፈ ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተሰኘው መጽሐፉ የሀብት ምንጭ ሥራና ዕውቀት መሆኑን አስረድቷል። ከዚህ አኳያ ሲታይ ገንዘብ ማለት አንዱ የሌላውን ድካም የሚቀበልበት ምልክት ነው። ምልክቱን የሚያጭበረብር ሰው የሚሰርቀው ወረቀት ሳይሆን የሌላውን ሰው ዕድሜ ነው።

ጠገራ ብር በ1937 ዓ.ም. በወጣው የገንዘብ ሕግ ቦታውን ለወረቀቱ ለቀቀ። ዛሬ ደግሞ ገንዘብ በስልክ ውስጥ የሚመላለስ ቁጥር ሆኗል። በእጅ መዝኖ፣ ፈርጡን ቆጥሮ መቀበል ቀርቷል። እንግዲህ ማዕድኑ ከገንዘቡ በወጣ ቁጥር፣ ዋጋውን የሚሸከመው እምነት እየከበደ እንጂ እየቀለለ አልመጣም።

ይህን ከማንኛውም ንድፈ ሐሳብ ይልቅ የሚያስረዳው ዕቁብ ነው። 20 ሰዎች በየሳምንቱ እኩል ይጥላሉ እንበል። ዕጣ መጀመሪያ የወጣለት ገና ያልጣለውን የ19 ሳምንት ገንዘብ ይወስዳል፤ ለዚህም ነው ዳኛው ዋስ የሚጠይቀው። የመጨረሻው ባለዕጣ ግን ለጓደኞቹ ሁሉ ያለ ወለድ ሲያበድር የከረመ ሰው ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ እንደ ታየው፣ የብር የመግዛት አቅም በሚወርድበት ጊዜ ይህ ሰው የሚቀበለው ቁጥር ያው ቢሆንም የሚገዛው ያንሳል። በሒሳብ ብቻ ቢታሰብ ማንም የመጨረሻውን ዕጣ ሊጠብቅ አይገባም ነበር። ሆኖም ይጠብቃል፤ አልፎ ተርፎም ቤቱ ችግር የገባበት አባል ዕጣ ሳይወጣለት እንዲወስድ ይፈቅድለታል።

ታሪካችን የሚሰጠው መልስ እንግዲህ ገንዘብ ከንቱ ነው የሚል አይደለም፤ የተራበ ሰው በመልካም ጠባይ ብቻ አይጠግብም። መልሱ፣ ገንዘብ ራሱ በአደራ ላይ የቆመ ቤት ነው የሚል ነው። አደራው ሲበላ መጀመሪያ የሚጎዳው ሀብታሙ አይደለም፤ እርሱ ወርቅም መሬትም አለው። ጉዳቱ አስቀድሞ የሚያርፈው ሌሎቹን አምኖ የመጨረሻውን ዕጣ በሚጠብቀው ሰው ላይ ነው። የአንድ ኅብረተሰብ ሥነ ምግባርም የሚለካው፣ ያ ሰው ተራው ሲደርስ በሚያገኘው ነው።