አማካይ ሾፌር የለም

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ውስጥ የተቀመጠ ግዙፍ ሾፌር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወንበሩን ሀዲዱ እስኪያልቅ ወደ ኋላ ገፍቶትም ጉልበቱ ከመሪው አይርቅም። «ሰውዬው ወፍሮ ነው» እንላለን። ጥፋቱ ግን የማን ነው?

መልሱ የመጣው ከአውሮፕላን ነው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1926 የአብራሪ ክፍሉን የሠራው በአብራሪዎች አማካይ ልክ ነበር። በ1950 ሌተናንት ጊልበርት ዳንኤልስ የ4,063 አብራሪዎችን ልክ በ10 መለኪያዎች አመሳከረ። በአሥሩም አማካይ የሆነ ስንት ሰው ተገኘ? አንድም! አየር ኃይሉ ከዚያ በኋላ ወንበሩና ፔዳሉ እንደ ሰው ልክ እንዲስተካከል አዘዘ።

ወደ ላዳችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ የተመረተችው በጣሊያኑ ፊያት 124 መነሻነት ነው። ከዚያው ፊያት የስፖርት መኪናም ወጥቷል። በስፖርት መኪና ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ኩርባ ላይ ሰውነት እንዳይንሸራተት የወንበሩ ግራና ቀኝ ከፍ ይላል። ቀጭኑን አቅፎ ይይዛል፤ ሰፊውን ግን ጭኑን ይጫነዋል፣ እግሩም ይደነዝዛል።

ታዲያ ስፖንጅ እንጨምር? አይሆንም፤ ሰውየውን ወደ ጣሪያውና ወደ መሪው ያስጠጋዋል። የሚሻለው ግራና ቀኙን ማራራቅ፣ መቀመጫውን ዝቅ ማድረግና ሀዲዱን ማርዘም ነው። ሀዲድ ስታስቀይሩ ግን ብሎኑን አደራ! በግጭት ጊዜ ወንበሩን ከነሰውየው የሚይዘው እሱ ነው።