ታስሮ የወጣ ሰው ካርድ

የ2013ቱ ምርጫ ሊደርስ ሰሞን ሂርና ላይ ሻይ ስንጠጣ አንድ የማውቀው ሰው ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ካርድ ማውጣት አልችልም» አለኝ። ምነው ብለው፣ በጫት ማሳ ድንበር ተጣልቶ ሰው ደብድቦ፣ ጭሮ ሁለት ዓመት ቀላል እስራት መጨረሱን ነገረኝ። የፍርዱን ወረቀት አስመጥቼ ባየው ስለ መምረጥ አንድም ቃል የለበትም። ዳኛው ያልፈረደበትን እሱው በራሱ ላይ ፈርዶታል!

በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫም ሆነ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ፍርድ ቤት ጥፋተኛውን ከመምረጥና ከመመረጥ ሊሽረው ይችላል። ይችላል ማለት ግን የታሰረ ሁሉ ተሽሯል ማለት አይደለም። የተሻረውም ቢሆን «መሰየም» የሚባል መንገድ አለው። ቅጣቱን ጨርሶ፣ ጽኑ እስራት ከነበረ አምስት ዓመት፣ ቀላል ከሆነ ሁለት ዓመት በደህና ጠባይ የኖረና ካሣውን የከፈለ ሰው አመልክቶ ፍርዱን ከመዝገብ ማሰረዝ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ስንት እስረኛ አለ?

ነገሩ በጨርጨር ምድር መነሳቱ ደግሞ ይገርመኛል። አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው። በዚያ ሕገ መንግሥት እንደራሴ የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ፤ ሕዝቡ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ተብሎ። ሕዝቡ «የበቃው» በ1949 ነው። የጨርጨር ገበሬ ወንጀል ሳይሠራ ያን ሁሉ ዘመን ያለ ድምፅ ኖረ ማለት ነው።

በ76 ዓመቱ፣ ያውም በዚያችው ቀን፣ ሐምሌ 9 ቀን 1999 ዓ.ም. ከፍተኛው ፍርድ ቤት በቅንጅት መሪዎች ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ፤ መምረጥና መመረጥንም ነፈጋቸው። በአራተኛው ቀን 38 ሰዎች በይቅርታ ሲፈቱ መብታቸውም ተመለሰ። በአራት ቀን! ሌላው አምስት ዓመት ይጠብቃል። ከእነሱ አንዷ የቀድሞዋ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ። በ2001 ይቅርታው ተሰርዞባቸው ተመልሰው ገቡ፤ የግንቦት 15 ቀን 2002ቱ ምርጫ እስር ቤት ሆነው አለፋቸው። መስከረም 2003 ተፈቱ። ኅዳር 2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ፤ እስከ 2015ም ቆዩ።

ይኼን ሳጫውተው ሰውዬው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ካርዱን የሚሰጡት እሷ ናቸው?»

«የሳቸው መሥሪያ ቤት ነው።»

በማግሥቱ የፍርድ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ሊመዘገብ ሄደ። ወረቀቱን አሳየኝ ያለው ግን አልነበረም።