የቢራ ጠማቂዎችና የጠላ ጋን፦ ስለ ኢንዱስትሪ ታሪክ አስተማመር የቀረበ አሳብ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የደብረ ብርሃንንና የኮምቦልቻን ፋብሪካዎች ቢራ ወደ ይፋት ቆላ ያደርሳል። የሸዋ ሮቢት ተማሪ የጭነት መኪናዎቹን ያያል። ይህ ሥራ በማን እንደ ተጀመረ ቢጠየቅና «በፈረንጆች» ብሎ ቢመልስ አያስደንቅም። መልሱ ግን የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የፈረንጆቹ ጠመቃ ራሱ እንዴት ወደ ፋብሪካ እንዳደገ መመርመር ይገባል። ለዚህም በሰሜን አሜሪካ የምትገኘው ሚልዋኪ ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1850 ዓ.ም. 20 ሺህ ያህል የነበረው የከተማይቱ ሕዝብ በ1890 ዓ.ም. ከ200 ሺህ በላይ ደርሷል፤ ከዚህም ብዙው ከጀርመን የፈለሰ ወይም ከጀርመን ፈላሾች የተወለደ ነበር። ጃኮብ ቤስት ከልጆቹ ጋር በ1844፣ ፍሬደሪክ ሚለርም በ1855 በዚያ የጠመቃ ሥራ ጀመሩ። ስደተኞቹ ይዘውት የሄዱት ሙያ በቀዝቃዛ ስፍራ ቀስ ብሎ የሚብላላውን ላገር ቢራ መጥመቅ ነበር። ዳሩ ግን ሙያው ብቻውን ፋብሪካ አልሆነም። በብርድ ወራት ከሐይቅና ከወንዝ የሚቆረጠው በረዶ፣ የአካባቢው እህል፣ የባቡር ሐዲዱ፣ ከሁሉም በላይ መጠጡን ባገሩ ለምዶ የመጣው ገዢ ተባብረው አሳደጉት።

በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1922 ዓ.ም. በውጭ አገር ሰዎች ሲቋቋም ሁኔታው የተለየ ነበር። በ1886 የተቆረቆረችው ከተማ የጅቡቲው ባቡር በ1917 ደርሶላት በማደግ ላይ ነበረች፤ ሕዝቧ የለመደው ግን ጠላና ጠጅ ነው። ፋብሪካው ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ወደ መንግሥት ይዞታ ተዛወረ፤ በ1998 ደግሞ ለፈረንሳይ ኩባንያ ተሸጠ። የገብስ አምራቹን ከፋብሪካ ጋር በስፋት ያገናኘው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1984፣ ይኸውም ከ60 ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ እንግዳው መሣሪያው፣ ማቀዝቀዣውና ጠርሙሱ እንጂ የጠመቃው ዕውቀት አልነበረም። የፋብሪካውም ሆነ የባልትናው ሥራ የሚጀምረው እህልን አርጥቦ በማብቀልና በማድረቅ ነው። የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው ይኸው ብቅል ነው። ፋብሪካው መራራ ጣዕም ለመስጠት ሆፕ ሲጨምር ባለሙያዋ ጌሾ ትጨምራለች። ጥንስሱን፣ እንኩሮውንና ድፍድፉን በየጊዜያቸው የምታዋህደው በዓይን፣ በሽታና በእጅ ለክታ ነው። በይፋት ቆላ ማሽላም ለጠላ ይውላል። ጠላ በማይጠመቅባቸው የሙስሊም ቤተ ሰቦችም ቢሆን የማያሰክረው ቀሪቦ ከገብስ ይዘጋጃል።

ይህ ዕውቀት በጽሑፍ ስላልሰፈረ ባለሙያዎቹ እናቶች ባረፉ ቁጥር አብሮ ይቀበራል። የፋብሪካን መቋቋሚያ ዓመት ብቻ የሚያስጠና ትምህርትም ሳያውቀው ተማሪውን የእናቱ ሥራ ከታሪክ ውጭ እንደ ሆነ ያስተምረዋል።

ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸው በየቤታቸው የሚዘጋጀውን መጠጥ እህል፣ መጠን፣ የቀን ብዛት፣ የማገዶ ወጪና ገቢ ጠይቀው እንዲመዘግቡ፣ ከፋብሪካውም ሂደት ጋር እንዲያነጻጽሩ ማድረግ ይችላሉ። ዓላማው መጠጥን ማወደስ አይደለም፤ ኢንዱስትሪ ከባልትና ጋር ያለውን ዝምድና ማስገንዘብ ነው። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም የሚልዋኪን ጠማቂዎች ስም ባስጠኑበት ገጽ ላይ ለይፋቷ ባለሙያ ጥቂት መስመር ቢተዉ ታሪኩ ይሟላል።