የጋፋት ተማሪዎች

ወጣቶች ሆይ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር ወርዳችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ከተማው ልትገቡ ጥቂት ሲቀራችሁ ወለቃን ታልፋላችሁ። ከመንገዱ ዳር ሸክላ ተደርድሮ ይሸጣል። እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በዚህ አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ሸክላ ሠሪዎች፣ ቀጥቃጮችና ሸማኔዎች ነበሩ። የወገራ ገበሬ ገብሱን የሚዘራበትን ማረሻና የሚያጭድበትን ማጭድ የሚያገኘው እንዲህ ካሉ ቀጥቃጮች እጅ ነበር። ማረሻውን ተቀብሎ ሲያበቃ ግን ሠሪውን «ቡዳ» እያለ ይሸሸዋል።

ይህን ያነሣሁት ዛሬም በትምህርት ቤት ግቢ የምሰማው አነጋገር ስላለ ነው፤ «ነጥብ ካልመጣልህ ቴክኒክና ሙያ ትገባለህ» ይባላል። ሙያ የወደቀ ሰው መጠጊያ ተደርጎ ይቆጠራል። እስቲ ወደ ኋላ መለስ ብለን፣ ወጣቶችን ፊደልና የእጅ ሥራ አብሮ የማስተማር ሙከራ በጋፋት እንዴት እንደ ነበረ እንመልከት። ጋፋት ከደብረ ታቦር አጠገብ ናት።

ታሪኩ የሚጀምረው በሳሙኤል ጎባ ነው። ጎባ በ1820ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ድረስ መጥቶ ወንጌልን ያስተማረ ሚስዮናዊ ሲሆን፣ ኋላ የኢየሩሳሌም ጳጳስ ሆነ። ሐሳቡ ሰባኪዎችን ብቻ ሳይሆን በእጃቸው ሥራ የሚተዳደሩ ባለ ሙያዎችን ወደ ኢትዮጵያ መላክ ነበር፤ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ እንዳገለገለ ማለት ነው። ክራፕፍና ፍላድ በ1847 ዓ.ም. መጥተው አዲሱን ንጉሥ ዐፄ ቴዎድሮስን አገኟቸው። ንጉሡም የሚፈልጉት የእጅ ባለ ሙያ ነበር። ስለዚህ በስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የሠለጠኑ ወጣቶች መምጣት ጀመሩ፤ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንትስለን፣ ኋላም ዛልሙለርና ቫልድማየር። በሻንጣቸው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር።

ንጉሡ ግን መድፍ ጠየቋቸው። መድፍ ማቅለጥ አናውቅም አሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን መልስ የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም። እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸው፣ እንደገና እየሞከሩ በመጨረሻ ተሳካላቸው። በጋፋት የማቅለጫ ምድጃ ቆመ፤ የአገሩ ሰዎችም አብረዋቸው ሠሩ። ከዚያም ሌላ፣ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ማንበብና መጻፍን ከእጅ ሥራ ጋር የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ስለ ጋፋት ሲወራ ሁሉም የሚያነሣው ሴባስቶፖልን ነው፤ እኔ ግን ከመድፉ ይልቅ ይህ ትምህርት ቤት ያሳስበኛል። መሣሪያ ከውጭ ሊገዛ ይችላል፤ ንጉሡ የፈለጉት ግን ሥራውን የሚያውቅ እጅ በአገር ውስጥ እንዲኖር ነበር።

ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ገደል እየተናደና መንገድ እየተሠራለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። በሚያዝያ ንጉሡ ሞቱ። እንግሊዞች ሲመለሱ ሚስዮናውያኑም አብረው ወጡ። መድፉ እዚያው አምባው ላይ ቀረ፤ የጋፋት ምድጃም ጠፋ። ቫልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና ትምህርት ቤት መሠረተ፤ ያ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ያስተምራል።

የጋፋቱ ለምን አልቀጠለም? እንደሚመስለኝ አንዱ ምክንያት የአንድ ንጉሥ፣ የአንድ ፍላጎት ሥራ መሆኑ ነው፤ መድፉ ሲያበቃ ሥራውም አበቃ። ሌላው ግን ከዚህ ይከብዳል። ከጋፋት ብረት ማቅለጥ ተምሮ የሚወጣ ልጅ ወደ ቀዬው ሲመለስ ምን ተብሎ ይጠራ ነበር? መልሱን በወለቃ መንገድ አይታችኋል። ነገሩ ሥር የሰደደ ስለ ነበር ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድቡትን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደረሱ። ለስድብ አዋጅ ሲያስፈልገው እዩ!

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ በ1934 ዓ.ም. ተግባረ እድ ተከፈተ፤ ባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒክ አገኘች። «አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ» የሚለውን ስም በብዙ ከተሞች ታውቁታላችሁ። «አጠቃላይ» የተባለው ከሒሳብና ከሳይንስ ጎን የእንጨት ሥራ፣ የብረታ ብረት፣ የኤሌክትሪክና የንግድ ሥራ ስለሚሰጥ ነበር። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ የሙያ ሥልጠናው ከ10ኛ ክፍል በኋላ ወደ ሌላ ግቢ ተለየ። ስሙ በበሩ ላይ ቀረ፤ መጋዙና ሞርሳው ግን ከክፍሉ ወጣ። በእኔ ግምት ያ መለየት የድሮውን ንቀት ሳያውቀው አግዞታል፤ ሙያው ከጎበዞቹ ዓይን ራቀ። አሁን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሥራና ቴክኒክ ትምህርት ወደ መደበኛው ክፍል እየተመለሰ ነው።

ጣቴን በትምህርት ቤት ላይ ብቻ አልቀስርም። የእኛን የወጣቶች ኅብረት እዩት። ጌታችን በናዝሬት ጸራቢ እንደ ነበር እናስተምራለን። ዩኒቨርሲቲ የደረሳቸውን ወንድሞችና እኅቶች በፕሮግራም፣ በጸሎትና በጭብጨባ መድረክ ላይ አቁመን እንሸኛለን። በዚያው ሳምንት ብየዳ ሊማር የሚሄደው ልጅ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ብቻውን ወደ መናኸሪያ ይወርዳል።