በሊኑክስ የሚሠሩ የቆዩ ኮምፒዩተሮችን ለስክሪን ቀረጻ መጠቀም

የስክሪን ቀረጻ በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ የሚከናወነውን ሥራ ከገለጻ ድምፅ ጋር አዋሕዶ በቪዲዮ የማስቀመጥ ዘዴ ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አዲስ አሠራርን ለባልደረቦቹ ለማሳየት፣ መምህር ትምህርቱን በክፍል ላልተገኙ ተማሪዎች ለማቆየት፣ የቴክኒክ ድጋፍ ባለሙያም አንድን ጥያቄ በየቀኑ ከመመለስ ይልቅ አንድ ጊዜ ቀርጾ ለማሠራጨት ይጠቀሙበታል። ሥራው አዲስና ውድ ኮምፒዩተር የሚጠይቅ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ ላፕቶፕ እንኳ ሊኑክስ ተጭኖበት በአግባቡ ከተዘጋጀ ጽሑፉ የሚነበብ፣ ድምፁም የሚሰማ ቀረጻ ማውጣት ይችላል። ለሥራው የሚያስፈልጉት ሶፍትዌሮች በሙሉ ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው።

ጫናው የሚመጣው ከየት ነው

በቆዩ ላፕቶፖች ላይ በብዛት የሚገኘው ስክሪን 1366 በ768 ፒክስል ነው። እያንዳንዱ ፒክስል አራት ባይት ሲይዝ የአንድ ምስል መጠን 4.2 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በሰከንድ 30 ምስሎች ከተነሡ ኮምፒዩተሩ በየሰከንዱ 126 ሜጋባይት ያህል መረጃ ማስተናገድ አለበት፤ ስክሪኑ 1920 በ1080 ከሆነ ደግሞ መጠኑ ወደ 249 ሜጋባይት ያድጋል። የቆየ ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ይህን ያህል መረጃ እየተቀበለ ሊጽፍ አይችልም። ስለዚህ ምስሉ ገና እየተቀረጸ ሳለ መታመቅ ይኖርበታል፤ የማመቁ ሥራም በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ፕሮሰሰሩ ሲሸነፍ ምስሎች ይዘለላሉ፣ ጠቋሚው እየተቆራረጠ ይሄዳል፣ ድምፁና ምስሉም ይለያያሉ። በአሮጌ ኮምፒዩተር የሚታዩት አብዛኞቹ የቀረጻ ችግሮች ምንጫቸው ይህ ነው።

የመጀመሪያው መፍትሔ ሶፍትዌር መቀየር ሳይሆን የሥራውን መጠን መቀነስ ነው። ቅጽ መሙላትን ወይም የሰነድ አዘገጃጀትን ለሚያሳይ ቀረጻ በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ምስል ይበቃል። 30 እና 60 ምስል ለጨዋታና ለፈጣን እንቅስቃሴ የሚያስፈልግ ነው። ከ30 ወደ 15 መውረድ ብቻውን ከላይ የተጠቀሰውን 126 ሜጋባይት ወደ 63 ያወርደዋል። የሚፈለገው አንድ መስኮት ብቻ ከሆነም ሙሉውን ስክሪን መቅረጽ አያስፈልግም። በዚህ ጊዜ የሚመረጠው ክፍል ስፋትና ቁመት ሙሉ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ለሁለት የሚካፈል መሆን አለበት፤ አለበለዚያ በብዛት የሚሠራበት የቀለም አያያዝ ስለማይቀበለው ቀረጻው በስሕተት መልእክት ይቋረጣል።

የፊደል ተነባቢነት

ሸክምን ለማቅለል ሲባል ምስሉን በቀረጻ ጊዜ ማሳነስ የተለመደ ምክር ነው። ለአማርኛ ጽሑፍ ግን አደገኛ ነው። በ፣ ቡ እና ቢ የሚለያዩት በቀኝ በኩል በምትጨመር አንዲት ትንሽ ጭረት ነው፤ ሰ እና ሱ፣ ለ እና ሉም እንዲሁ። የላቲን ፊደል ሲደበዝዝ አንባቢው ቃሉን ከቅርጹ ሊገምት ይችላል፤ የግእዝ ፊደል ሲደበዝዝ ግን ጭረቷ ከጠፋች ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል። ተመልካቹ በመመሪያ ላይ ያለን ስም ወይም የሚጻፍ ቃል ከቪዲዮው ላይ እየገለበጠ ከሆነ ስሕተቱ ወደ ሥራው ይገባል።

ስለዚህ የቀረጻውን መጠን ከማሳነስ ይልቅ የስክሪኑን አቀማመጥ ራሱን ወደ 1280 በ720 ዝቅ ማድረግ ይመረጣል። ሠራተኛው በሚያየው ስክሪን ላይ ጽሑፉ ጥቂት የደበዘዘ ሊመስለው ይችላል፤ በቪዲዮው ውስጥ የሚቀመጠው ግን እያንዳንዱ ፒክስል እንዳለ ሆኖ ጥርት ብሎ ነው። ከዚህ ጋር የፊደል መጠንን ማሳደግ፣ የድረ ገጽ ማሳያውንም 125 ወይም 150 በመቶ ማድረግ ይገባል። አብዛኞቹ የቪዲዮ ማመቂያዎች የብርሃንን መረጃ በሙሉ ሲያስቀምጡ የቀለምን መረጃ ግን ለአራት ፒክስል አንድ ብቻ ስለሚይዙ፣ በሰማያዊ መደብ ላይ የተጻፈ ቀይ ፊደል ጠርዙ ይሟሟል። በነጭ ላይ ጥቁር ወይም በጥቁር ላይ ነጭ የተሻለ ነው።

ማመቂያውን መምረጥ

በሊኑክስ በስፋት የሚያገለግለው የኤች 264 ማመቂያ ኤክስ 264 ይባላል። የፍጥነት ደረጃዎች አሉት፤ ከሁሉ ፈጣኑ ‹‹አልትራፋስት›› የሚባለው ነው፤ ቀጥሎ ‹‹ሱፐርፋስት››፣ ከዚያም ‹‹ቬሪፋስት›› ይመጣሉ። ደረጃው በፈጠነ መጠን ፕሮሰሰሩ ይቀለዋል፣ በአንጻሩ ለተመሳሳይ ጥራት ፋይሉ ይተልቃል። ጥራቱ ሲአርኤፍ በሚባል ቁጥር ይወሰናል፤ ማመቂያው ሳይነካ የሚጠቀመው 23 ሲሆን ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱም ፋይሉም ይጨምራል። ለአሮጌ ኮምፒዩተር የሚበጀው በ‹‹አልትራፋስት›› ቀርጾ፣ ሥራው ካበቃ በኋላ ኮምፒዩተሩ ለሌላ ነገር በማይፈለግበት ሰዓት በዝግታ ደረጃ እንደገና ማመቅ ነው። በቀረጻ ጊዜ አንዲት ምስል ከጠፋች አትመለስም። ሁለተኛው ማመቅ ግን ሦስት ሰዓት ቢፈጅ የሚጎዳው ነገር የለም። ቀደም ባሉት ዓመታት የታወቀው ሪከርድማይዴስክቶፕም በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ በመጀመሪያ ጥሬውን ያከማቻል፣ ቀረጻው ሲቆም ማመቅ ይጀምራል።

አንዳንድ ኮምፒዩተሮች ቪዲዮን ለማመቅ ብቻ የተሠራ ክፍል በግራፊክስ ቺፓቸው ውስጥ አላቸው። ኢንቴል ይህን ክፍል ያስገባው በ2011 ገበያ ላይ በዋለው ሁለተኛው የኮር ትውልድ ነው። በ2006 የወጡትና እስካሁን በየቢሮው የሚገኙት ኮር 2 ዱኦ ኮምፒዩተሮች አይኖራቸውም። በሊኑክስ ክፍሉ የሚሠራው ቪኤ-ኤፒአይ በሚባል አገናኝ በኩል ሲሆን፣ ለቀደሙት የኢንቴል ቺፖች የሚያስፈልገው ድራይቨር አይ965 የተባለው የቆየው ነው። አዲሱ ድራይቨር የሚያገለግለው ከአምስተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። ድራይቨሩ በትክክል መጫኑን ለማረጋገጥ ቪኤኢንፎ የተባለችውን አነስተኛ ፕሮግራም በተርሚናል ማስነሣት ይበቃል፤ ከኤች 264 ጎን የማመቅ ችሎታ ከተዘረዘረ ክፍሉ ዝግጁ ነው። የመጀመሪያዎቹ ትውልዶች በዚህ መንገድ የሚያወጡት ምስል በተመሳሳይ የፋይል መጠን ከኤክስ 264 ያነሰ ጥራት ስላለው፣ ጽሑፍ የሚበዛበት ቀረጻ ከሆነ የመረጃ ፍሰቱን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ኤሌክትሪክ በሚቋረጥበት ጊዜ

ባትሪው በተዳከመ ላፕቶፕ ወይም ኃይል ማቆያ በሌለው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ የአንድ ሰዓት ሥልጠና ሲቀረጽ የመብራት መጥፋት ከሁሉም የከፋው አደጋ ነው። ጉዳቱ የሚወሰነው ቀረጻው በተጀመረበት የፋይል ዓይነት ነው። የተለመደው ኤምፒ 4 ፋይል ምስሎቹና ድምፁ የት የት እንዳሉ የሚናገረውን ማውጫ የሚጽፈው መጨረሻ ላይ፣ ቀረጻው በሥርዓት ሲዘጋ ነው። ኤሌክትሪኩ በ59ኛው ደቂቃ ቢቋረጥ መረጃው በዲስኩ ላይ ቢኖርም ማውጫ ስለሌለው ማጫወቻዎች ሊከፍቱት አይችሉም። ኤምኬቪ የተባለው ዓይነት ግን ራሱን በየክፍሉ እያሟላ ስለሚሄድ እስከ መቋረጡ ድረስ ያለው፣ ምናልባት ከመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰከንዶች በቀር፣ ይተርፋል።

ስለዚህ ቀረጻ ሁልጊዜ በኤምኬቪ ይጀመር። ካበቃ በኋላ ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው መሣሪያ ወደ ኤምፒ 4 ማዛወር ይቻላል። በዚህ ጊዜ ይዘቱ እንዳለ እንዲገለበጥ ከታዘዘ እንደገና መታመቅ ስለማያስፈልገው በአሮጌ ኮምፒዩተርም ቢሆን ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ ጥራቱም አይቀንስም። ትምህርቱን በአምስት ወይም በአሥር ደቂቃ ክፍሎች ከፋፍሎ መቅረጽም ተጨማሪ ዋስትና ነው፤ የተሳሳተ ንግግርን ለማረምም ሙሉውን ከመድገም ያድናል። በቀጥታ ወደ ፍላሽ መቅረጽ አይመከርም። ብዙ ፍላሾች የሚመጡበት ፋት 32 አደረጃጀት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ የመጻፍ ፍጥነታቸውም አስተማማኝ አይደለም።

ፕሮግራሞቹ

ፕሮግራም ከመምረጥ በፊት ኮምፒዩተሩ የሚጠቀመው የማሳያ ሥርዓት የትኛው እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በቆየው ኤክስ 11 ሥርዓት ማንኛውም ፕሮግራም ስክሪኑን ማንበብ ይችላል። አዲሱ ዌይላንድ ግን ለደኅንነት ሲባል ይህን ይከለክላል፤ ቀረጻ የሚፈቀደው ተጠቃሚው በጥያቄ መስኮት ከፈቀደ በኋላ በፓይፕዋየር በኩል ነው። ቀረጻው ጥቁር ስክሪን ብቻ ሆኖ ከወጣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። ለቆዩ ኮምፒዩተሮች የሚመረጡት ኤክስኤፍሲኢ እና ማቴ በአብዛኛው አሁንም በኤክስ 11 ላይ ስለሚሠሩ ችግሩ እምብዛም አይገጥማቸውም።

በኤክስ 11 ላይ ለአሮጌ ኮምፒዩተር እጅግ ተስማሚው ሲምፕል ስክሪን ሪከርደር ነው። ቀላል ነው፣ የሚቀረጸውን ክፍል በመዳፊት ለመምረጥ ያስችላል፣ ቀረጻው በመካሄድ ላይ ሳለም በሰከንድ ስንት ምስል እየተቀበለ እንደሆነ ያሳያል። ይህ ቁጥር ከታዘዘው ካነሰ ኮምፒዩተሩ እየተሸነፈ ነው ማለት ነው። በዌይላንድ ላይ ግን አይሠራም። ኦቢኤስ ስቱዲዮ ከ2021 ወዲህ በሁለቱም ይሠራል፣ ችሎታውም ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ኦፕንጂኤል 3.3 የሚደግፍ ግራፊክስ ስለሚፈልግ በኮር 2 ዱኦ ዘመን የኢንቴል ግራፊክስ ላይ አይጠቅምም። የግኖም የራሱ መቅረጫ ምንም መጫን አይጠይቅም፣ ድምፅ ግን አይቀርጽም። የሚታየው ሥራ በተርሚናል ብቻ የሚከናወን ከሆነ አስኪኔማ የተባለው ፕሮግራም ምስል ሳይሆን ጽሑፉን ከነጊዜው ስለሚመዘግብ ፋይሉ እጅግ ትንሽ ነው፤ በፕሮሰሰሩ ላይ የሚያሳድረውም ጫና ከቁጥር አይገባም።

ድምፅ

ተመልካች የተቆራረጠ ምስልን ይታገሣል፤ የማይሰማ ድምፅን ግን አይታገሥም። በላፕቶፑ ውስጥ ያለው ማይክሮፎን ከማቀዝቀዣው ማራገቢያ አጠገብ ስለሚገኝ፣ ቀረጻ ደግሞ ማራገቢያውን ስለሚያስጮኸው፣ ርካሽ የጆሮ ማዳመጫ ማይክሮፎን እንኳ የተሻለ ነው። ለንግግር አንድ ቻናል በሰከንድ 64 ኪሎቢት በኦፐስ ይበቃል። ከኮምፒዩተሩ ራሱ የሚወጣ ድምፅ እንዲቀረጽ ከተፈለገ በድምፅ መቆጣጠሪያው ውስጥ ‹‹ሞኒተር›› የሚል ስም ያለው ምንጭ መመረጥ አለበት። ከዋናው ሥራ በፊት የ30 ሰከንድ ሙከራ ቀርጾ ማዳመጥ ሊታለፍ የማይገባ ነው።

ከቀረጻ በፊት

2 ጊጋባይት ማስታወሻ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ብዙ ገጽ የከፈተ የድረ ገጽ ማሰሻ ብቻውን ኮምፒዩተሩን ወደ ሃርድ ዲስክ ማስታወሻ ስለሚገፋው የማያስፈልገው ሁሉ መዘጋት አለበት። በኤክስኤፍሲኢ የመስኮቶችን ጥላና ግልጽነት የሚሠራውን ኮምፖዚተር ማጥፋት ግራፊክሱን ያሳርፋል። ቀረጻው በጥሩ ሁኔታ ጀምሮ ከአሥር ደቂቃ በኋላ መቆራረጥ ከጀመረ ጥፋቱ የሙቀት ሊሆን ይችላል፤ ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳልና። በአቧራ የተደፈነ መተንፈሻን ማጽዳት አንዳንድ ጊዜ ከማንኛውም የሶፍትዌር ማስተካከያ የበለጠ ይረዳል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚካሄድ ቀረጻ ሌላም ጥንቃቄ ይጠይቃል። የተገልጋዮች ስም፣ ስልክ ወይም የፋይዳ ቁጥር በስክሪኑ ላይ ከታየ የግል መረጃ ወደ ቪዲዮው ይገባል፤ ይህም በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚሸፈን ጉዳይ ነው። በልምምድ ስም የተሞላ የሙከራ መዝገብ አዘጋጅቶ በእርሱ መቅረጽ ይገባል። በኋላ ማደብዘዝ አስተማማኝ አይደለም፤ አንድ ምስል ከታለፈ ቁጥሩ ይነበባል። የኢሜይልና የመልእክት ማሳወቂያዎችም ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ይጠፉ።

ለተመልካች ማድረስ

አብዛኛው ተመልካች በሞባይል ዳታ ስለሚከፍት የፋይሉ መጠን የተመልካቹ ወጪ ነው። በሰከንድ 1,500 ኪሎቢት የታመቀ ቪዲዮ በደቂቃ 11 ሜጋባይት ገደማ፣ በ20 ደቂቃም 225 ሜጋባይት ይፈጃል። እንቅስቃሴው ጥቂት የሆነ ቅጽ የመሙላት ቀረጻ በሰከንድ 15 ምስል በዝግታ ደረጃ ሲታመቅ ከዚህ በእጅጉ ሊያንስ ይችላል። ወደ ኤምፒ 4 በሚዛወርበት ጊዜም ማውጫው ወደ ፋይሉ መጀመሪያ እንዲመጣ ‹‹ፋስትስታርት›› የተባለውን ምርጫ መጨመር ያስፈልጋል፤ ይህ ሲሆን ቪዲዮው በሙሉ እስኪወርድ ሳይጠበቅ መታየት ይጀምራል፣ የሚፈልገውን ያገኘ ተመልካችም የቀረውን ሳያወርድ ማቆም ይችላል።