ሳንታመም እንክፈል ወይስ ስንታመም?

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን በምኖርበት በሬጂና ከተማ፣ ካናዳ፣ ከአንድ ወዳጄ ቤት ተሰብስበን፣ ዶሮው ተበልቶ ቡናው ሲፈላ አንድ ክርክር ተነሳ። ከቨርጂኒያ ለበዓል የመጣ የወዳጄ ወንድም "እናንተ ካናዳዎች ነፃ ሕክምና አለን እያላችሁ ትኮራላችሁ። ጉልበቱን ያመመው ሰው ስፔሻሊስት ለማየት ወራት የሚጠብቅበት አገር ምኑ ያኮራል? እኛ ዘንድ ገንዘብህን ትከፍላለህ፣ በሳምንቱ ትታያለህ" አለ። በዕድሜ ከሁላችንም ጠና ያሉ፣ ደርግ የወረሰባቸውን ቤት እስከ ዛሬ ያልረሱ አንድ አባት ደግሞ "ነፃ የሚባል ነገር የለም። ሶሻሊዝም ሲባል እኔን ያቅለሸልሸኛል" አሉ። ልመልስ ብዬ ጀመርኩና ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ወሬው ወደ አገር ቤት ፖለቲካ ዞረ። እንደተለመደው ማለት ነው። እናም ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርስ።

በሙያዬ የውኃ መስመር መሐንዲስ ነኝ እንጂ የታሪክ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ይኸው ክርክር ከ60 ዓመት በፊት እኔ የምኖርበትን ጠቅላይ ግዛት፣ ሳስካችዋንን፣ ለሁለት ከፍሎ ጎረቤትን ከጎረቤት አኳርፏል። አብዛኛው እዚህ የሚኖር ሐበሻ የጤና ካርዱን ከኪሱ ሲያወጣ ይህን አያውቅም። እኔም ብዙ ዓመት አላውቅም ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከታሪኩ በፊት ጉዳዩ ለምን እንዳንገበገበኝ ልናገር። በዚያው ሰሞን ጎጃም የሚኖሩት አጎቴ በፕሮስቴት ሕመም አዲስ አበባ መጥተው ነበር። የመንግሥቱ ሆስፒታል ወረፋ ሩቅ ሆነና ልጆቻቸው ወደ አንድ የግል ሆስፒታል ወሰዷቸው። ማስያዣ ካልገባ አልጋ የለም ተባሉ። ዱባይ ያለች እህቴ፣ ሚኒሶታ ያለ የአጎቴ ልጅና እኔ በዋትስአፕ ተጠራርተን በአንድ ሌሊት ገንዘቡን አዋጣን። ውጭ ዘመድ የሌለው ሰው በዚያች ሌሊት ምን ያደርጋል? በሬ ይሸጣል፣ ወይ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኔ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት የሐሞት ጠጠር አሞኝ እዚሁ ሬጂና ተቀድጄ ስወጣ ከኪሴ የከፈልኩት የመኪና ማቆሚያ ብቻ ነበር። ከአጎቴ በምን እበልጣለሁ? ይህን ካርድ ማን ሰጠኝ?

ብዙዎቻችን "መንግሥት" ብለን እንመልሳለን። ታሪኩ ግን የሚጀምረው ከመንግሥት አይደለም፤ ከድሃ ገበሬ ነው።

ሳስካችዋን ጠፍጣፋ የስንዴ አገር ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይደርሳል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከዩክሬን፣ ከኖርዌይ፣ ከጀርመን፣ ከብሪታንያ የፈለሱ ሰዎች በየሜዳው ተበታትነው ሲሰፍሩ ሐኪም በአቅራቢያቸው መቀመጥ አልቻለም። ለምን ቢባል፣ ሕመምተኛው የሚከፍለው ምርት ሲገባ ነው፤ ምርት ካልገባ አይከፍልም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ገደማ ሳርኒያ የምትባል አንዲት የገጠር ማዘጋጃ ቤት ሐኪሟ ጥሏት ሊሄድ ሲነሳ፣ ገበሬዎቹ ከመሬት ግብራቸው አውጥተው በዓመት 1,500 ዶላር ልንከፍልህና ልትቀመጥ አሉት። ተቀመጠ። ሌሎቹም አይተው ተከተሉ፤ በ1916 ሕጉ ራሱ ፈቀደላቸው።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ እድራችን ነው። እድርተኛ በየወሩ ሲከፍል የሚሞት ማን እንደሆነ አያውቅም፤ ድንኳኑና ወንበሩ ግን ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። እነዚያ ገበሬዎች ያንኑ ለበሽታ አደረጉት። እኛ ለቀብር ከነሱ የማያንስ ድርጅት ሠርተን፣ ለሕመም ግን ሰውን ብቻውን የተውነው ለምን እንደሆነ አንድ አዋቂ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ከዚያ የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ውድቀትና ድርቅ መጣ። አፈሩ በነፋስ ተጠርጎ ሄደ፤ የጠቅላይ ግዛቱ ሰው ገቢ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ወደቀ። ያን ጊዜ ዌይበርን በምትባል ትንሽ ከተማ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ የነበረ ቶሚ ዳግላስ የሚባል ወጣት ነበር። ስኮትላንድ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ጉልበቱ ቆስሎ መርዙ አጥንቱ ውስጥ ገብቶበት ነበር። ቤተሰቡ ዊኒፔግ ከገባ በኋላ ሐኪሞች እግሩ ይቆረጥ አሉ። ወላጆቹ ሌላ ስፔሻሊስት የሚያማክሩበት ገንዘብ የላቸውም። አንድ የታወቀ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ግን "ተማሪዎቼ እያዩ እንዲማሩበት ከፈቀዳችሁ በነፃ አክመዋለሁ" ብሎ እግሩን አዳነለት። ዳግላስ በኋላ እየደጋገመ ያነሳው ይህንን ነበር። የዳነው ዕድለኛ ስለነበረ ነው። የልጅ እግር ግን በዕድልና በአባት ኪስ ላይ መንጠልጠል የለበትም።

በ1944 ፓርቲው፣ ሲሲኤፍ፣ አሸንፎ ዳግላስ ፕሪሚየር ሆነ። በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያው ሶሻሊስት መንግሥት የሚባለው ይህ ነው። እዚህ ላይ እነዚያ አባት ቡናቸውን አስቀምጠው እንደሚነሱብኝ አውቃለሁ። ግን ይታገሱኝ፤ ሰውየው በምርጫ መጣ፣ የማንንም ቤት አልወረሰም። አስተዳደሩም ቁጥብ ነበር። ሁሉንም በአንድ ቀን አላወጀም። በ1946 ስዊፍት ከረንት በሚባል አንድ አካባቢ፣ ወደ 50,000 ሰው በሚኖርበት፣ የሐኪምም የሆስፒታልም ወጪ በጋራ መዋጮ እንዲሸፈን አደረገ። እኛ መሐንዲሶች እንዲህ ያለውን የሙከራ ፕሮጀክት እንለዋለን፤ በመላ ከተማው ቧንቧ ከመቅበርህ በፊት በአንድ ሰፈር ትሞክራለህ። ከጥር 1947 ጀምሮ ደግሞ የሆስፒታል መድን ለመላው ጠቅላይ ግዛት ሆነ። መዋጮው ለአንድ ሰው በዓመት 5 ዶላር፣ ለቤተሰብ ቢበዛ 30 ዶላር ነበር። የሐኪሙን ክፍያ ለመጨመር ዳግላስ ገንዘብ እስኪያገኝ ከ10 ዓመት በላይ ጠበቀ። በ1957 የፌዴራሉ መንግሥት የሆስፒታሉን ወጪ ግማሽ ለመጋራት ሕግ ሲያወጣ ነው እጁ የተፈታለት።

ጦርነቱ የተነሳው ያን ጊዜ ነው። የ1960 ምርጫ በዚሁ ጉዳይ ላይ ተደረገ። የሐኪሞቹ ማኅበር ከየአባሉ ገንዘብ ሰብስቦ በዕቅዱ ላይ ዘመቻ ከፈተ። ሕዝቡ ዳግላስን መረጠ። ሕጉ በ1961 መጨረሻ ወጣ። ዳግላስ አዲሱን የፌዴራል ፓርቲ ለመምራት ሲሄድ ነገሩን ዉድሮ ሎይድ ለሚባል ተተኪው አስረከበ። ጭምትና ዝምተኛ የቀድሞ አስተማሪ ነበር። ታሪክ ዳግላስን አንግሦ ሎይድን ረስቶታል፤ እሳቱን የታቀፈው ግን ሎይድ ነው።

ሕጉ ሥራ በጀመረበት ዕለት፣ ሐምሌ 1 ቀን 1962፣ የጠቅላይ ግዛቱ አብዛኞቹ ሐኪሞች ክሊኒካቸውን ዘጉ። ለድንገተኛ ሕመም ጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ ተተዉ። በዚያው ቀን ወላጆቹ ሐኪም ፍለጋ በመኪና ሲያዞሩት የዘጠኝ ወር ሕፃን በማጅራት ገትር ሞተ። "ሐኪሞቻችንን አስቀሩልን" የሚሉ ኮሚቴዎች በየከተማው ተቋቋሙ፤ ኮሚኒዝም መጣ ተባለ። ከሐኪሞቹ ብዙዎቹ ብሪታንያ በ1948 የጀመረችውን ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ጠልተው የመጡ ስለነበሩ ፍርሃታቸው የይስሙላ አልነበረም። የመንግሥት ተቀጣሪ እንሆናለን፣ ማን ምን መድኃኒት ይውሰድ የሚለውን ቢሮ ይወስንልናል ብለው ከልብ ሰግተዋል። እዚህ ላይ ልፈርድባቸው አልችልም፤ ከቢሮ ሰው ትእዛዝ የሸሸ ባለሙያ ምን እንደሚሰማው እኛ ኢትዮጵያውያን እናውቀዋለን።

ሐምሌ 11 ቀን በምክር ቤቱ ሕንፃ ፊት ሰላማዊ ሰልፍ ተጠራ። ሕንፃው ዛሬ እሑድ እሑድ ከልጆቼ ጋር የምንሸራሸርበት ሐይቅ ዳር ነው። አዘጋጆቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሲጠብቁ የመጣው 5,000 ያህል ብቻ ሆነ። በእነዚያው ሳምንታት የተቃዋሚው ሊበራል ፓርቲ መሪ ሮስ ታቸር የተዘጋውን የምክር ቤት በር በእግሩ ሲመታ ፎቶ ተነሳ። መንግሥት ደግሞ ከብሪታንያ ሐኪሞች አስመጣ፤ ሕዝቡም በሳስካቱን የራሱን የኅብረት ክሊኒክ ከፈተ። አድማው በ23ኛው ቀን፣ ስቲቨን ቴይለር በሚባል ከለንደን በመጣ ሐኪምና ሎርድ አስታራቂነት አበቃ። ስምምነቱ ሁለቱንም ወገን አላዋረደም። መድኑ ለሁሉም ሆነ፤ ሐኪሙ ግን የመንግሥት ደመወዝተኛ ሳይሆን እንደ ድሮው በግሉ እየሠራ ለእያንዳንዱ አገልግሎት ሒሳቡን የሚልክ ሆኖ ቀረ። እኔን ያከመችኝ ሐኪምም እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው የምትሠራው። የቨርጂኒያው ወንድማችን "ሶሻሊስት ሐኪም" ሲል ይህን አላወቀም።

በነገራችን ላይ በዚያው ወር፣ ሐምሌ 17፣ የአሜሪካ ሴኔት ለአረጋውያን ብቻ የታሰበውን የጤና መድን 52 ለ48 ድምፅ ጣለው። አረጋውያኑ እስከ 1965 ጠበቁ።

ታሪኩ የሚጣፍጠው ከዚህ በኋላ ነው። በር የመታው ታቸር በ1964 ምርጫ አሸንፎ ፕሪሚየር ሆነ። መድኑን ግን አላፈረሰውም! ሕዝቡ ቀምሶታልና አልደፈረም። ያደረገው ሌላ ነው፦ በ1968 "ሰው በነፃ ስለሆነ ያለ ምክንያት ሐኪም ቤት ይመላለሳል" ብሎ ትንሽ ክፍያ ጣለ። ሐኪም ለማየት 1.50 ዶላር፣ ለሆስፒታል አልጋ በቀን 2.50 ዶላር። እነዚያ አባት "ነፃ ነገር ክብር የለውም" ሲሉ የሚያስቡት ይህንኑ ነው፤ ሐሳቡም ለጆሮ ጥሩ ነው። በኋላ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ሲያሰሉት በጠቅላላው የሐኪም አገልግሎት የቀነሰው ከ6 እስከ 7 በመቶ ሲሆን፣ በድሆቹ ላይ ግን 18 በመቶ ያህል ነበር። ትንሿ ክፍያ ያስቀረችው ያለ ምክንያት የሚመላለሰውን ሳይሆን ሳንቲም የሌለውን ነው። በ1971 መንግሥት ሲለወጥ ተሰረዘች።

ወደ መላው ካናዳ የተዛመተበትን መንገድ ባጭሩ ልለፈው። ኤሜት ሆል የሚባል ዳኛ፣ በወግ አጥባቂ መንግሥት የተሾመ፣ ሦስት ዓመት ያህል አጥንቶ በ1964 ለመላው አገር ይሁን አለ። ሕጉ በ1966 ወጣ፤ በ1972 ሁሉም ጠቅላይ ግዛቶችና ግዛቶች ገቡበት። ሐኪሞች ከመድኑ በላይ ከሕመምተኛ ኪስ መጠየቅ ሲያበዙ ደግሞ የ1984ቱ የካናዳ የጤና ሕግ አስቆማቸው። ዳግላስን ካናዳውያን በ2004 በቴሌቪዥን በተካሄደ ምርጫ የምንጊዜም ታላቅ ካናዳዊ ብለውታል።

ወንድማችን ስለ ወረፋ የተናገረው እውነት ነው። የባለቤቴ ጉልበት ፎቶ እስኪነሳ ወራት ጠብቀናል፤ መድኃኒትና ጥርስም በመሠረቱ ከዚህ መድን ውጭ ሆነው ብዙ ዓመት ኖረዋል። ግን ወረፋው የሚቀጥረን እንደ ሕመማችን ክብደት እንጂ እንደ ባንክ ደብተራችን አይደለም። "ነፃ" የሚለውን ቃልም እኔ አልወደውም፤ ከደመወዜ የሚቆረጠውን ግብር ያየ ሰው ነፃ አይለውም። ሁላችንም እንከፍላለን። ልዩነቱ የምንከፍለው ጤነኛ ሆነን፣ ከሌላው ጋር ነው ወይስ ታመን፣ ብቻችንን፣ ለማስያዣ ስንዋከብ?

አገር ቤትም ነገሩ ተጀምሯል። በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዛሬ በብዙ ወረዳዎች አለ፤ ቤተሰብ በዓመት አንዴ ያዋጣል። ለደመወዝተኛው በ2010 የወጣው አዋጅ ግን ዓመታት ሲንከባለል ኖሯል።

አጎቴ ድነው ወደ ቤታቸው ከገቡ በኋላ ባለቤታቸውን እትዬን ደውዬ ጠየቅኋቸው። "እንዲያው እትዬ፣ የጤና መድኑ ካርድ አልነበራችሁም?"

"ነበረን ልጄ። አምና ማንም ስላልታመመ አላሳደስነውም። ያልታከምንበት ብር ይመለሳል ወይ ብንላቸው አይመለስም አሉን።"

"እድሩስ ካልሞታችሁ ብር ይመልሳል ወይ?" አልኳቸው።

ሳቁ። "የእድሩማ ሌላ ነው" አሉ። ለምን ሌላ እንደሆነ ሳይነግሩኝ ኔትወርኩ ተቆረጠ። የዘንድሮውን መዋጮ ልኬላቸዋለሁ፤ ደረሰኙን ፎቶ አንስተው እንዲልኩልኝም ነግሬያለሁ።